ማየት ብቻ አይበቃም፦ የዶክተር ኤልሳቤጥ ብላክዌል ሕይወት

የመጽሔታችን ኮሚቴ ለዘንድሮው የምሩቃን መገናኛ በዓል አንድ ጽሑፍ እንዳዋጣ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ዶርም ሕይወታችን፣ ስለ ካፌው ሰልፍ እና ስለ አናቶሚ የቃል ፈተና ነበር። እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያስታውሱ አሉና ለእነሱ ትቼዋለሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ካረፈች ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናት አንዲት ሐኪም ነው። ለምን እሷን እንደመረጥኩ አስቀድሜ ልናገር፤ ነገሩ ትንሽ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት፣ ከአዳር ተረኝነት በኋላ፣ አንዲት ኢንተርን ሻይ ልትጋብዘኝ ፈለገች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ከገባች መውጣት አትወድም። ሻዩ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቀችም፤ ሰርጀሪ ስፔሻላይዝ ማድረግ እንደምትፈልግ ነገረችኝና ምን እንደማስብ ጠየቀችኝ። እኔም እንቅልፍ እንደተጫነው ሰው፣ ሰርጀሪ ለሴት እንደሚከብድ፣ ትዳርና ልጅ ሲመጣ እንደሚያስቸግር፣ ሰዓቱ የታወቀ ሌላ ነገር ብትመርጥ እንደሚሻላት ነገርኳት። አመስግናኝ ሄደች።

እቤት ገብቼ ጋደም ስል ነው የደነገጥኩት። ያንን ምክር ቃል በቃል አውቀዋለሁ። እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ አንድ የማከብረው ሰው በተመሳሳይ ደግነት ነግሮኝ፣ አምኜው፣ ሌላ መንገድ መርጫለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ አልጸጸትበትም። ግን ምርጫው ሙሉ በሙሉ የእኔ እንዳልነበረ ያን ዕለት ነው በደንብ የገባኝ።

ሴት ሐኪሞች ከበዙ ልጃገረዶች እኛን አይተው ይደፍራሉ ስንል ኖረናል። እኔም ነጭ ጋዎን ለብሼ ዎርድ ውስጥ መመላለሴ በራሱ አርአያ የሚያደርገኝ ይመስለኝ ነበር። ያቺ ልጅ እኮ በየቀኑ ታየኛለች! ታዲያ ማየቷ ምን ጠቀማት? ይህን እያብሰለሰልኩ ነው በተማሪነቴ በስም ብቻ የማውቃትን የኤልሳቤጥ ብላክዌልን ታሪክ እንደገና ያነበብኩት።

ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1821 እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ተወለደች። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዕድሜም በሥራም አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ ግን ታሪኳን ደጋግሜ ሳነብ እንደ ታላቅ እህት ስለቀረበችኝ እሷ እያልኩ ብቀጥል ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

አባቷ ሳሙኤል ብላክዌል ስኳር አጣሪ ነበር። ባርነትን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ሆኖ ሳለ እንጀራው የቆመው በባሮች ጉልበት በተመረተ ስኳር ላይ ነበር። ይህ ተቃርኖ ቢኖርበትም አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ሴቶች ልጆቹ ወንዶቹ የሚማሩትን ሁሉ እንዲማሩ አድርጓል። ለሴት ልጅ ጥልፍና ፒያኖ ይበቃታል በሚባልበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ኤልሳቤጥ ስታድግ የሴት አእምሮ ከወንድ ያንሳል የሚለውን ነገር ውጭ ብትሰማው እንኳ ቤቷ ውስጥ አልሰማችውም።

በ1832 ቤተሰቡ አትላንቲክን ተሻግሮ ኒው ዮርክ ገባ። ኑሮ ሲከብድ ደግሞ በ1838 ወደ ኦሃዮ፣ ወደ ሲንሲናቲ ከተማ ተዛወረ። እዚያ በደረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አባትየው ታሞ ሞተ። እናትና ዘጠኝ ልጆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ኤልሳቤጥ ከእናቷና ከሁለት ታላላቅ እህቶቿ ጋር ሆና የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ለተማረች ሴት የተፈቀደው ሥራ ማስተማር ነበርና አስተማረች፤ ኋላም ኬንተኪ ውስጥ ሄንደርሰን በምትባል ትንሽ ከተማ አስተምራለች። ማስተማሩን ግን አልወደደችውም።

ሕክምናንስ ትወድ ነበር? በፍጹም! እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው። ሕመምና የሰውነት ነገር ያስጠላት ነበር። ተማሪ ሳለች አስተማሪው ስለ ዓይን ለማስረዳት የበሬ ዓይን ይዞ ክፍል ሲገባ አጥወልውሏት ነበር። እንግዲህ ከልጅነቷ ጀምሮ ሐኪም ለመሆን ስታልም ያደገች ጀግና አድርገን እንዳናስባት።

ሐሳቡን ያመጣው ሌላ ሰው ነው። በ1840ዎቹ አጋማሽ አንዲት ወዳጇ ታመመች። ሕመሙ የሴት ሕመም ነው፤ የሚገድላትም መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ይህች ሴት ከሥቃዩ ሁሉ የባሰባት በወንድ ሐኪም ፊት መገለጧ እንደነበር፣ የሚያክማት ሴት ብትሆን ኖሮ ከመከራዋ ትልቁ እንደሚቀርላት ለኤልሳቤጥ ነገረቻት። አክላም አንቺ ተምረሻል፣ ጤናማ ነሽ፣ ለምን ሕክምና አታጠኚም ብላ ጠየቀቻት። ኤልሳቤጥ ነገሩን ወዲያው ገፋችው። ግን አልለቃት አለ። ከዚያ ቀን በፊት ሐኪም መሆን ትችያለሽ ብሎ የጠየቃት ማንም ሰው አልነበረም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አርአያ ፈልጋ ዙሪያዋን ብታይ ማን ነበር? ማንም። እንዲያውም ባዶ ቢሆን ይሻል ነበር። በዚያን ጊዜ ኒው ዮርክ ውስጥ ሴት ሐኪም የሚለው ስም የተሰጠው በድብቅ ፅንስ ለሚያስወርዱ ሴቶች ነበር። ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ ጠበቃት። እሷ ግን ይህን ስም ከተጣለበት አነሳለሁ ብላ ተነሳች።

ገንዘብ ስላልነበራት መጀመሪያ ሠርታ መቆጠብ ነበረባት። በ1845 ወደ ኖርዝ ካሮላይና፣ አሽቪል ሄዳ ሙዚቃ እያስተማረች፣ በፊት ሐኪም በነበረ አንድ ቄስ ቤት ተቀምጣ የሕክምና መጻሕፍቱን ታነብ ጀመር። ቀጥሎ በሳውዝ ካሮላይና ቻርልስተን ከቄሱ ወንድም፣ ከሐኪሙ ሳሙኤል ሄንሪ ዲክሰን ዘንድ እንዲሁ ቀን እያስተማረች ማታ አነበበች። በ1847 ፊላዴልፊያ ገብታ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከት ጀመረች። አንዱ እምቢ አላት፤ ሌላውም እንደዚያው። ከፊላዴልፊያና ከኒው ዮርክ ትልልቆቹ አልፋ ወደ ትንንሾቹ የገጠር ኮሌጆች ወረደች።

ያዘኑላት ሐኪሞች አንድ መፍትሔ አቀረቡላት፤ የወንድ ልብስ ለብሳ ፓሪስ ሄዳ እንድትማር። እሷ ይህን አልተቀበለችም። ሐኪም መሆን ብቻ ቢሆን ዓላማዋ ይበቃት ነበር፤ እሷ ግን የምትሠራው ሥራ በፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ በሕጋዊ መንገድ ካልሆነ ለሌሎች ሴቶች በር እንደማይከፍት አምና ነበር። ተደብቃ ብትማር አንዲት ሐኪም ትወጣ ይሆናል፤ ያችን ሐኪም የሚያያት ግን አይኖርም።

በመጨረሻ የተቀበላት በምዕራብ ኒው ዮርክ የሚገኘው ጄኔቫ ሜዲካል ኮሌጅ ነው። ጄኔቫ ስላልኩ ስዊዘርላንድ እንዳይመስላችሁ፤ ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ናት። የተቀበላትም በፍቅር አልነበረም። መምህራኑ ራሳቸው እምቢ ማለት ስላልፈለጉ ጉዳዩን ወደ ተማሪዎቹ ገፉት፤ አንድ ተማሪ እንኳ ከተቃወመ አትገባም ተባለ። ወደ 150 የሚጠጉት ወንዶች ነገሩ ከሌላ ኮሌጅ የመጣ ቀልድ መሰላቸውና እየሳቁ በአንድ ድምፅ ትግባ አሉ። በኖቬምበር 1847 ቀልዱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ክፍል ገባ።

ያን ጊዜ 26 ዓመቷ ነው። የመማሪያ ክፍሉ በጩኸቱ የታወቀ ነበር፤ እሷ ከተቀመጠች በኋላ ግን ጸጥ አለ። የከተማው ሴቶች ሲያዩዋት መንገድ ይለውጡ ነበር፤ ወይ ባለጌ ናት ወይ እብድ ብለው። አብረው በሚበሉበት የኪራይ ቤት እንኳ የሐኪም ሚስት አታናግራትም ነበር። የአናቶሚው ፕሮፌሰር ጄምስ ዌብስተር የመራቢያ አካላት ትምህርት ላይ እንዳትገኝ ሲጠይቃት ተማሪ ሆኜ ነው የመጣሁት የሚል ጨዋ ደብዳቤ ጻፈችለት። ዌብስተር ደብዳቤውን ለክፍሉ አነበበው፤ ተማሪዎቹም ደገፏት፤ ገባች። እኛም አናቶሚ ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት ሴቶች ሆነን አንድ ጥግ ይዘን የቆምን ሰዎች፣ ብቻዋን መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ እናውቀዋለን።

በ1848 የክረምት ዕረፍቷን ፊላዴልፊያ ውስጥ ብሎክሊ በሚባል የድሆች መጠለያ ሆስፒታል በቂጥኝ ሕሙማን ዎርድ አሳለፈች። ወጣቶቹ ሐኪሞች እሷ ስትገባ ይወጡ ነበር፤ በሕሙማን አልጋ ላይ ምርመራና መድኃኒት የሚጻፍበትን ካርድ መሙላትም አቆሙባት። በዚያው ዓመት ከአየርላንድ ረሃብ ሸሽተው በመርከብ የመጡ ስደተኞች በታይፈስ ይረግፉ ነበርና እነሱን እያየች የመመረቂያ ጽሑፏን በታይፈስ ላይ ጻፈች። ንጽሕናና ንጹሕ አየር ከመድኃኒቱ ያላነሰ እንደሚያድን የገባት እዚያ ነው። ጃንዋሪ 23 ቀን 1849 ከክፍሏ አንደኛ ሆና ተመረቀች። በአሜሪካ ከሕክምና ትምህርት ቤት ዲግሪ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

እዚህ ላይ የፊልም መጨረሻ ይመስላል፤ አይደለም። ታናሽ እህቷ ኤሚሊ ተከትላት ሐኪም ልትሆን ስትነሳ ያው ጄኔቫ ኮሌጅ አልቀበልም አላት። ቺካጎ የሚገኘው ረሽ ሜዲካል ኮሌጅ አንድ ዙር ካስተማራት በኋላ ሐኪሞች ስላጉረመረሙ አስወጣት፤ በ1854 ክሊቭላንድ ላይ ነው የጨረሰችው። አንዲት ሴት ስለገባች በሩ ተከፈተ ማለት እንዳልሆነ ብላክዌል ከእህቷ ላይ ተማረች።

እሷ ግን ከምረቃው በኋላ ቀዶ ሐኪም ለመሆን ቆርጣ ወደ ፓሪስ ሄዳ ነበር። አዎን፣ ሰርጀን! የፓሪስ ሆስፒታሎች እንደ ሐኪም አንቀበልሽም ሲሏት እንደ አዋላጅ ተማሪ ላ ማተርኒቴ ወደሚባለው የወሊድ ሆስፒታል ገባች፤ ከገጠር ልጃገረዶች ጋር በአንድ የጋራ መኝታ ክፍል ተኛች። በኖቬምበር 1849 አንድ ጠዋት የአንድ አራስ ልጅ የታመመ ዓይን በመርፌ ውኃ ስታጥብ ፈሳሹ ተረጭቶ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ዛሬ ልጅ እንደተወለደ የቴትራሳይክሊን ቅባት የምንቀባው ለዚያ ዓይነቱ በሽታ ነው፤ ያን ጊዜ አልነበረም። የግራ ዓይኗ ጠፋ፤ በኋላም ወጥቶ የመስታወት ዓይን ተተካላት። የሰርጀሪ ነገር እዚያው ላይ አበቃ። ይህን ሳነብ ያቺን ኢንተርን አሰብኳት። ብላክዌልን ከሰርጀሪ ያስቀራት የጠፋ ዓይን ነው፤ ያቺን ልጅ ልታስቀር የነበረችው ግን እኔ ነኝ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዤ።

በ1850 ለንደን በሚገኘው ሴንት ባርቶሎሚው ሆስፒታል በሰርጀኑ ጄምስ ፓጄት አማካይነት እንድትማር ተፈቀደላት። ሁሉም ዎርድ ተከፈተላት፤ የተዘጋባት የሴቶችና የሕፃናት ክፍል ብቻ ነበር! እዚያው ለንደን ከፍሎረንስ ናይቲንጌል ጋር ተዋወቀች፤ ናይቲንጌል ያን ጊዜ ገና ከቤተሰቧ እጅ ያልወጣች ሴት ናት። ብላክዌል በ1851 ኒው ዮርክ ስትመለስ ማንም ሆስፒታል አልቀጠራትም። ክሊኒክ የምትከፍትበት ክፍል የሚያከራያት ጠፋ። ስም የሌለው ጸያፍ ደብዳቤ በፖስታ ይደርሳት ነበር። በ1853 በቶምኪንስ ስኩዌር አጠገብ፣ የጀርመን ስደተኞች በበዙበት ሠፈር፣ ለድሆች ሴቶች አንዲት ጠባብ ክሊኒክ ከፈተች።

ብቸኝነቱ ሲከብዳት በ1854 ከስደተኛ ልጆች ማሳደጊያ ካትሪን ባሪ የምትባል አንዲት የአየርላንድ ወላጅ አልባ ልጅ ወስዳ አሳደገች። ልጅቷ ሰባት ዓመት ገደማ ናት፤ ኪቲ ይሏታል። ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ነው ለብዙ ጓደኞቼ የተረክሁት። አንድ ቀን አንድ ወንድ ሐኪም ወደ ቤታቸው መጥቶ ከብላክዌል ጋር ሲነጋገር ኪቲ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግራ ገብቷት ወንድ ሰው ዶክተር ሲባል መስማት እንዴት ያለ እንግዳ ነገር ነው ብላ ጠየቀች። ቤቷ ውስጥ ዶክተር የሚባሉት ሁሉ ሴቶች ነበሩዋ! የዓለም ሕግ ተብሎ የሚነገረን ነገር በአንዲት ልጅ ዓይን እንዲህ በቀላሉ ይገለበጣል። እኛ ዘንድ ዛሬም ቢሆን ታካሚው እኔን ሲስተር፣ ከኋላዬ የቆመውን ወንድ ነርስ ደግሞ ዶክተር ይላል። ሴት ሐኪሞች ሁላችሁም ይህን ታውቁታላችሁ። ሕመምተኛው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዓይኑ የለመደውን ነው የሚናገረው።

ሜይ 12 ቀን 1857 ብላክዌል፣ እህቷ ኤሚሊ እና ከበርሊን የመጣችው ማሪ ዛክርዜቭስካ ሆነው ሐኪሞቹ ሴቶች የሆኑበትን የኒው ዮርክ የድሆች ሴቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ከፈቱ። ከመክፈታቸው በፊት ያልተባሉት ነገር የለም፤ ቤት የሚያከራያችሁ የለም፣ ፖሊስ ይዘጋችኋል፣ የፈረማችሁበትን የሞት ማስረጃ ማንም አይቀበልም ተባሉ። አንዲት እናት ከወሊድ በኋላ ስትሞት ሠፈርተኛው አካፋና ዶማ ይዞ ሴት ሐኪሞቹ ሰው ገደሉ እያለ ቤቱን ከበበ። ወንድ ሐኪም ጋ የሞተ ሰው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ሴት ሐኪም ጋ የሞተ ግን የሴትነቷ ጥፋት ነው። እነሱ ግን በማግሥቱም በሩን ከፈቱ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። በ1858 ብላክዌል ወደ እንግሊዝ ተሻገረች፤ በ1859 መጀመሪያም በዚያ አገር የሐኪሞች መዝገብ ላይ ስሟ የሰፈረ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በማርች ወር ለንደን ውስጥ ስለ ሕክምናና ስለ ሴቶች ንግግር አደረገች። ከአድማጮቹ መካከል ኤልሳቤጥ ጋሬት የምትባል 22 ዓመት የሆናት የነጋዴ ልጅ ነበረች። ይህች ልጅ ሐኪም ልሁን ብላ አልቆረጠችም፤ የመጣችው ለማወቅ ጓጉታ ነው። ከንግግሩ ጋር በተያያዘ ሲተዋወቁ ግን ብላክዌል ልጅቷ ሐኪም ለመሆን እንደወሰነች ቆጥራ፣ ምን ማጥናት እንዳለባት፣ ከየት መጀመር እንዳለባት ታወራት ጀመር። ጋሬት በኋላ ስታስታውሰው ከአቅሟ በላይ የሆነ ሥራ በድንገት ትከሻዋ ላይ የተጫነባት መስሏት እንደነበር ተናግራለች። ብላክዌል የተሳሳተችው በመልካም በኩል ነው።

የዚያ ስሕተት ፍሬ ምን ሆነ? እንግሊዞቹ የውጭ አገር ዲግሪ ይዛ በብላክዌል መንገድ ሌላ ሴት እንዳትገባ ሕጉን አጥብቀውት ነበር። ጋሬት የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ደንብ ሴትን በግልጽ እንዳልከለከለ አይታ፣ በ1865 በዚያ በኩል ፈተናውን አልፋ ፈቃድ አገኘች። ማኅበሩ ወዲያው ደንቡን ለወጠ። በ1870 ፓሪስ ላይ የኤምዲ ዲግሪዋን ያዘች። በ1874 ሶፊያ ጄክስ-ብሌክ ዋና ሆና የለንደን የሴቶች ሕክምና ትምህርት ቤት ሲመሠረት ብላክዌልም ጋሬትም አብረው ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ሴቶቹን ቀዳዳ እየፈለጉ በመድፈን ማስቀረት አልተቻለም።

ኒው ዮርክም ላይ እንደዚያው ሆነ። በ1868 ከሆስፒታላቸው ጋር የተያያዘ የሴቶች ሕክምና ኮሌጅ ከፈቱ፤ ብላክዌል ራሷ የንጽሕና አጠባበቅን ታስተምር ነበር። ሆስፒታሉ ወደ ድሆች ቤት እየሄደች እናቶችን የምታስተምር ሐኪም መድቦ ነበር፤ ይህን ሥራ ከሠሩት አንዷ ሬቤካ ኮል ናት፤ በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ ከያዙ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች መካከል የምትቆጠር። ብላክዌል በ1869 ወደ እንግሊዝ ጠቅልላ ስትሄድ ኮሌጁን ኤሚሊ ተረክባ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን በሕክምና መቀበል ጀምሮ በ1899 እስኪዘጋ ድረስ መራችው። የመዘጋቱ ምክንያት አስፈላጊ አለመሆኑ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አዘጋግ አላውቅም።

አርአያ ስል ፍጹም ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ብላክዌል በኋለኛው ዕድሜዋ በሽታ በረቂቅ ተሕዋስያን ይመጣል የሚለውን አዲስ ሳይንስ በጥርጣሬ የምታይ፣ ብዙውን ነገር ከሥነ ምግባር ጋር የምታያይዝ ግትር ሴት ነበረች። ዛሬ የፈተና ወረቀቷን ባርም ብዙ ነጥብ እቀንስባት ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ግን የኪቲ ነገር ነው። ወንድ ዶክተር ሲባል የገረማት ያቺ ልጅ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሴት ሐኪሞች ሲሠሩ እያየች ያደገችው፣ ሐኪም አልሆነችም። ከብላክዌል ጋር እንደ ልጅም እንደ ረዳትም ሆና፣ ቤት እየያዘች፣ ደብዳቤ እየጻፈች ኖረች። ብላክዌል ሜይ 31 ቀን 1910 በ89 ዓመቷ ሄስቲንግስ በሚባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ስታርፍና ስኮትላንድ ውስጥ ኪልሙን ስትቀበር አብራት የነበረችው ኪቲ ናት። ብላክዌል በዚያች ልጅ ላይ ፍቅር አልነፈገችም። ግን ለጋሬት በአንድ ምሽት የሰጠቻትን፣ አንቺ ሐኪም ትሆኛለሽ ብሎ የመቁጠርን ነገር፣ ለኪቲ አልሰጠቻትም።

እንግዲህ ያገኘሁት ይህን ነው። ኪቲ በየቀኑ አየች፤ የጠራት ግን አልነበረም። ጋሬት አየች፣ ተጠራችም። ብላክዌል ራሷ አንድም አርአያ ሳታይ፣ በሞት አልጋ ላይ ያለች ወዳጇ ስለጠራቻት ሄደች። ማየት ልጅቷን ይህ ነገር እንግዳ አይደለም ያሰኛታል፤ ትልቅ ነገር ነው። ለአንቺም ነው የሚለው ቃል ግን ከሰው አፍ መውጣት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣውም እንደ ትልቅ ንግግር ሆኖ አይደለም፤ በሻይ ሰዓት፣ በኮሪደር፣ ደክሞን ሳለ ነው።

ያቺን ኢንተርን ፈልጌ አገኘኋት። የነገርኳት ምክር የእኔ ሳይሆን ሌላ ሰው ያስታቀፈኝ ፍርሃት እንደነበር ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ትንሽ አፍራ ሳቀች። ሰርጀሪው ከባድ መሆኑን አልደበቅኋትም፤ ለወንዱም ከባድ ነው። ከዚያ ሰርጀን ከሆነች የባች ጓደኛዬ ጋር አገናኘኋት፤ ሁለት ጊዜ አብራት ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታለች። የስፔሻሊቲ ፎርሙን ገና አልሞላችም። ምን እንደምትጽፍ አላውቅም፤ አልጠየቅኋትምም። ምርጫው አሁን የእሷ ይመስለኛል።

መገናኛው በዓል ላይ የዘንድሮ ተማሪዎች አስተናጋጅ ሆነው እንደሚቆሙ ኮሚቴው ነግሮኛል። ባጅ የምታንጠለጥልላችሁ፣ ወንበር የምታሳያችሁ ልጅ ኢንጂነሪንግ ወይም ሕግ ወይም ሕክምና ተማሪ ናት። ሴቶቻችንም ወንዶቻችንም መምህራንም፣ ስሟን ጠይቋት፤ ምን መሆን እንደምትፈልግ ጠይቋት፤ ከዚያ ብላክዌል እንደተሳሳተችው ተሳሳቱ፤ የወሰነች አድርጋችሁ ቁጠሩና ከየት እንደምትጀምር ንገሯት። የሚያግዛት ሰው በሙያዋ ካላወቃችሁ እኔ ወይም ከአጠገባችሁ የተቀመጠው እናውቃለን፤ ማኅበር የሆንነው ለዚህ ነው። በሰላም ያገናኘን።